ቦሎ ያላት ስኩተር ሁሉ ደህና ናት?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አይቼ ላልፈው ነበር። በኋላ የራሴ ስኩተር መራዊ አጠገብ የሠራችኝ ሥራ ትዝ አለኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ አንዲት 125 ስኩተር አግኝተሃል። ሻጩ ደግሞ "ምርመራ ካለፈች ወር አልሞላትም፣ የዘንድሮ ቦሎ አላት" ብሎሃል። ይህን አምኜ ልግዛ ወይ ነው የምትለው። ቦሎው (ምርመራ ማለፏን የሚያሳየው የዓመቱ ተለጣፊ) መኖሩ ጥሩ ነው፤ እሱን ብቻ ይዘህ ግን ብር እንዳታወጣ።

እኔ ባሕር ዳር ነኝ፣ እንዲህ ያለችውን ስነዳ ስድስት ዓመት አለፈኝ። ምርመራ ላይ (የድሮ ሾፌሮች ክላውዶ የሚሉት) የሚታየው በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚነካ ነገር ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። መብራት፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ ፍሬን፣ ጎማ ይታያል። ሽፋኑን ፈትቶ የሚያይልህ የለም። የታየውም ቢሆን ለዚያን ቀን ነው። አንድ ጥንድ ስፖኪዮ በአንድ ሳምንት ሦስት ስኩተር ሲያሳልፍ አይቻለሁ። አንዷ የኔ ነበረች፣ አልዋሽህም።

አሁን ወደ መራዊ። ስኩተር እንደ ሌላው ሞተር ማርሽና ካቴና የላትም። ነዳጅ ስትሰጣት ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ከግራው ሽፋን ሥር ያለ አንድ የጎማ ቺንጋ ነው። የኔዋ ምርመራ ካለፈች ሁለት ወር እንኳ አልሆናትም። ወደ ዳንግላ እየሄድኩ መራዊን እንዳለፍኩ ሞተሩ ጮኸ፣ ጎማው ግን ቆመ። ነዳጅ ብሰጣት ጩኸት ብቻ። መራዊ ድረስ እየገፋሁ ተመለስኩ። መካኒኩ ሽፋኑን ሲከፍተው የጥቁር በግ ጠጉር የጎረሰች ነው የምትመስለው። ቺንጋው ተበጣጥሶ ክሩ በሙሉ መዘውሩ ላይ ተጠምጥሟል። ጥፋቱ የመርማሪው አይደለም፣ የኔ ነው። ከመበጠሱ በፊት ነግራኝ ነበር። ስትነሳ ትንቀጠቀጥ ነበር፣ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቷ አይጨምርም ነበር። እኔ ነዳጁ ነው ብዬ አለፍኩት። ቺንጋ በአብዛኛው ከ10,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ባለው ይቀየራል። ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቀው "ቺንጋው መቼ ተቀየረ?" ብለህ ነው። ዓይኑን ካንከራተተ፣ ያልተቀየረ አድርገህ ዋጋ ቀንስ።

ነዳጁም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ማደያ ሰልፍ ሲረዝም ሁላችንም በሃይላንድ የሚሸጠውን እንገዛለን። ውሃ ወይም ላምባ የገባበት ቤንዚን የካርቡራተሯን (ቤንዚንና አየር የምትደባልቅበትን) ቀጫጭን ቀዳዳ ያበላሽባታል። ጠዋት እንቢ ትላለች፣ ትራፊክ መብራት ላይ ትጠፋለች። ማርቆስ ደግሞ ከፍታው 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚያ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) አስፈታና እየው። ጥላሸት የለበሰ ከሆነ ካርቡራተሩ ይስተካከል፤ ትንሽ ቡኒ ከሆነ ሰላም ነው።

ምርመራ ላይ በብዛት የሚጥለው ግን ትንሽ ነገር ነው። የፍሬን መብራት! በሁለቱም የፍሬን እጀታ ሥር መብራቱን የሚያበሩ ትንንሽ ማብሪያዎች አሉ። ዝናብና አቧራ ያበላሻቸዋል። አንዱ ሲሠራ ሌላው ሞቶ ይገኛል። አንድ በአንድ እየጨበጥክ ሰው ከኋላ ቆሞ ይይልህ።

የኋላው ፍሬን በብዛት ባለ ካቦና ባለ ሸራ (እየተፋተገ ጎማውን የሚያቆም ሽፋን) ነው። ሸራው ሲያልቅ ካቦውን እያጠበቁ ያሳልፉታል። ማጥበቂያው ብሎን መጨረሻ ላይ ደርሶ ካየኸው፣ ሸራው አልቋል። ይህን የምልህ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ካሰብክ ነው። ቁልቁለቱ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ስኩተር ፍጥነቷ ሲወርድ ሞተሩ ከጎማው ይላቀቃል፣ ያኔ የሚይዝህ ፍሬኑ ብቻ ነው። ይዘኸው ብቻ ከወረድክ ይግልና እምቢ ይላል። እኔ አንዴ ወርጄ ሁለተኛ አልሞክራትም፤ አውቶቡስ ምን ሠርቶ።

ኮብልስቶን የመሪውን ኩሽኔታ (መሪው የሚዞርበትን) ይጨርሰዋል። መሐል ማቆሚያው ላይ አቁመህ የፊት ጎማውን ከመሬት አስነሳ፣ መሪውን በቀስታ ግራ ቀኝ አዙረው። መሐል ላይ ጠቅ ብሎ ከያዘ ኩሽኔታው ተበልቶ ጎድጓዳ ቦታ አበጅቷል ማለት ነው። ቀጥ ባለ መንገድ እንኳ ስትነዳ ትንከራተታለች።

ጎማው ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ አትደሰት። ጎኑ ላይ አራት ቁጥር አለ። 2318 ካለ፣ በፈረንጆቹ 2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ጎኑ ይሰነጣጠቃል።

የሞተሩን ዘይት፣ ባትሪውን እንደማንኛውም ሞተር እየው፣ እሱን ታውቀዋለህ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ስትሄድ በጠዋት ሂድ፣ ማርቆስ ብርዱ ሳይለቅ። ገና ሞተሯ ሳይነሳ እጅህን ወደ ማርሚታው (ጭስ ማውጫው) ጠጋ አድርግ። ከሞቀ፣ ሻጩ አንተ ሳትመጣ አስነስቷታል። "እንዳትቸገር ብዬ ነው ያሞቅኳት" ካለህ፣ አመስግነህ ነገ እመጣለሁ በለው፤ ሰዓቱን ግን አትንገረው።