ትናንት ምን በላችሁ?

ልጆቼ፣

ደሴና ዙሪያዋ በሥነ ምግብ ሥራ አርጅቻለሁ። አብዝቼ የጠየቅኩት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ትናንት ከነቃሽ ጀምሮ ምን በላሽ? ምን ጠጣሽ?» የ24 ሰዓት ትውስታ እንለዋለን።

አንዲት የ15 ዓመት ልጅ «እንጀራ በሽሮ፣ ሌላ ምንም» አለችኝ። ቀስ ብዬ ስጠይቃት ቁርስ አልበላችም። በእረፍት ሰዓት ሳምቡሳ ገዝታለች። ማታ ደግሞ ቆሎ በሻይ። አልዋሸችኝም፣ ረስታው ነው።

እኔ ያኔ ያልነበረኝ ነገር እናንተ እጅ ላይ አለ፤ የስልክ ካሜራ። የበላችሁትን እንዳትረሱ መዝግቡበት። ከመብላታችሁ በፊት አንድ ፎቶ፣ ስትጨርሱ አንድ ፎቶ አንሱ። የተረፈው ሲቀነስ የበላችሁት ይታወቃል። መጠኑ እንዲለይ ከሳህኑ ጎን እስክሪብቶ አስቀምጡ።

የሚያስቸግረው የእኛ ገበታ ነው። ወሎ ውስጥ ትሪ ከበን ነው የምንበላው፣ ጉርሻም አለ። ፎቶው ትሪውን እንጂ የእናንተን ድርሻ አያሳይም። ስለዚህ በድምፅ ትንሽ ጨምሩበት። «ለአራት ነው የበላነው፣ ጎመኑን ብዙም አልነካሁትም» በሉ። እኔ ብሆን ከፎቶው ይልቅ ይህችን ነው የማምነው። ለፎቶ ብላችሁ ግን ከትሪው እንዳትለዩ፣ አደራ።

ካሎሪ የሚቆጥሩት አፖች ላይ ብዙ አትመኑ። ያንዱ ቤት ሽሮ በዘይት ይንተከተካል፣ የሌላው ቤት ዘይት አልነካውም። ካሜራ ይህን ከየት ያውቃል? ቁጥሩን እያያችሁ ምግብ መዝለል ከጀመራችሁ ደግሞ አፑን አጥፉትና ለምታምኑት ትልቅ ሰው ንገሩ። ገና እያደጋችሁ ነው፤ ሰውነታችሁ ይፈልገዋል።

አንድ ቀን ብቻ አትመዝግቡ። የፆሙ ቀንና የፍስኩ፣ ረመዳንና ሌላው ወር አንድ አይደሉም። ሳምንቱን ሙሉ አንስታችሁ ፎቶዎቹን በተርታ እዩ። መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆውን ፈልጉ። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ሰውነት ከእህልና ከጎመን የሚያገኘውን ብረት (አይረን)፣ ለደም የሚያስፈልገውን ንጥረ ነገር፣ ይቀንሰዋል። ሎሚና ቲማቲም ደግሞ ያግዛሉ። የወር አበባ የምታዩ ልጆቼ፣ ለእናንተ ይሄ ነገር ቀላል አይደለም፣ የብረት ፍላጎታችሁ ይጨምራል። ሻዩን አልከለክልም፤ ከምግቡ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ።

ቁርስ የሌለበት ጠዋት ከበዛም አትደብቁት። ቤት ውስጥ ጠፍቶ ከሆነ ነውሩ የእናንተ አይደለም፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሯት።

አብሽሩ፣ ከዛሬ እራት ጀምሩ። ፎቶውን የትም አትለጥፉት፣ ለእናንተው ነው።