ደሴ በአውሮፕላን ወይስ በመኪና?

ከውጭ ሊመጣ ያለ ወሎዬ ሁሉ ደውሎ የሚጠይቀኝ ይሄንኑ ነው። እኔም ለዓመታት ስመላለስ በሁለቱም ተቀጥቻለሁና የማውቀውን ልንገራችሁ።

ከአዲስ አበባ ደሴ በአየር ቀጥታ ቢለካ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአስፋልት 400 ይደርሳል። የቀረውን የበላው ተራራው ነው። በመኪና ሰባት ስምንት ሰዓት ያዙ፤ በአውቶቡስ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ነው በሉት።

በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ግን አትሸወዱ። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ኮምቦልቻ እንጂ ደሴ አይደለም። ቲኬቱ ላይ «ዲኤስኢ» የሚል ኮድ ስታዩ እቤት ደጃፍ የሚያወርዳችሁ ይመስላችኋል። ከዚያ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት መውጣት አለ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከፊታችሁ የጫነ ሲኖትራክ ከገባ እሱን እያያችሁ መንፏቀቅ ነው። ቦሌ ቀድሞ መድረሱን፣ ሻንጣ መጠበቁን ስትደምሩ አምስት ሰዓት ይሄዳል።

ሰዓቱንም ለቤተሰብ በአበሻ ተርጉማችሁ ንገሩ። አንዴ ለአክስቴ ቲኬቱ ላይ እንዳለው «7 ሰዓት እነሳለሁ» አልኳት። ኮምቦልቻ ወርጄ ብደውል ገና ቡና እየቆላች ነው። «ውይ ልጄ፣ በጠዋቱ ከየት መጣህ?» አለችኝ። እሷ የጠበቀችኝ ከሰዓት በኋላ ነበር።

ለማንኛውም ስትመጡ በአውሮፕላን ሂዱ ባይ ነኝ። ሌሊቱን ስትበሩ አድራችሁ የጣርማ በርን ቁልቁለት አትችሉትም። የአገር ውስጡን ትኬት ከውጭው ጋር አብራችሁ ቁረጡ፤ ለብቻው ከቆረጣችሁት የሚፈቀደው ኪሎ ያንሳል፣ ሁለቱን 23 ኪሎ ሻንጣ ይዛችሁ ሚዛኑ ላይ ትከራከራላችሁ።

ስትመለሱ በመኪና ይሁን። አገር የሚታየው ያኔ ነው። ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትን አልፋችሁ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝታችሁ ሽቅብ ትወጣላችሁ። ግን በበረራችሁ ቀን እንዳታደርጉት! እኔ «በረራዬ ማታ ነው፣ አብሽሩ» ብዬ ጠዋት ከደሴ ተነሳሁ። ጣርማ በር ዋሻው አጠገብ ጉም ወርዷል፣ አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቷል። ቦሌ ስደርስ አውሮፕላኑ ሄዷል። የቲኬት ቅጣቱን አሁንም ሳስበው ያመኛል። ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ውጡ፤ በሌሊት አትንዱ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም በዚያው ሳምንት የተመላለሰ ሹፌር ጠይቁ፣ ፌስቡክን አትጠይቁ።

ሹራባችሁንም ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት። ከደሴ ለብሳችሁት ትነሳላችሁ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ታወልቁታላችሁ፣ ጣርማ በር ላይ መልሳችሁ ትፈልጉታላችሁ።