የጀልባችን ቀለም እጃችን ላይ ይቀራል

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከጅቡቲ የመጣች ያገለገለች የፋይበርግላስ ጀልባ ገዝተናል። የሐረማያ ሐይቅ ውሃ ስለተመለሰ ሰው ልናንሸራሽርባት አስበናል። ርዝመቷ አምስት ሜትር ገደማ ነው፤ ነጭ ናት፣ ጎኗ ላይ ሰማያዊ መስመር አላት። ሰማያዊው አሁን አመድ መስሏል፤ ነጩን ስንነካው እጃችን ላይ ዱቄት ይቀራል። ሆዷ አካባቢም ቡናማ እድፍ አለ። እዚህ ሸዋ በር ያለ መኪና ቀቢ «በግራይንደር አሽቼ ሰም ልቀባት፣ መስታወት ትሆናለች» አለን። አንዱ ጓደኛዬ ደግሞ በበረኪና ትታጠብ ይላል። ማንን እንስማ?

አንባቢዎ፣ ከሐረር

መልስ፦

ሁለቱንም አትስሙ። ቀቢውን በተለይ።

ግራይንደር ብረት መቁረጫ ነው፤ በደቂቃ 10,000 ዙርና ከዚያም በላይ ይሽከረከራል። የጀልባችሁ የላይኛው ሽፋን ጄልኮት ይባላል፤ ቀለም የተቀላቀለበት የፖሊስተር ሙጫ ነው፣ ውፍረቱም ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ግራይንደሩ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከቆየ መጀመሪያ ያቃጥለዋል፣ ቀጥሎ ይበላዋል፣ ከዚያ ከሥር ያለው የመስታወት ክር ብቅ ይላል። እዚያ ከተደረሰ ጀልባዋ ድሬዳዋ እኔ ዘንድ ለጥገና ትመጣለች። እኔ አልጠላም፤ እናንተ ግን ለሞተሩ ያሰባችሁትን ገንዘብ ትከፍሉኛላችሁ።

እጃችሁ ላይ የሚቀረው ዱቄት በፀሐይ የሞተ ጄልኮት ነው። ጨረሩ ሙጫውን ሲሰባብረው ቀለሙ የሚይዘው አጥቶ ይረግፋል። ሐረማያ ቀዝቃዛ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነው፣ ጨረሩ ከጅቡቲ ይበረታል። ጉዳቱ ምን ያህል እንደዘለቀ ለማወቅ ሰማያዊውን መስመር በውሃ አርጥቡት። እርጥብ ሳለ ቀለሙ ከተመለሰና ሲደርቅ መልሶ አመድ ከሆነ የተጎዳው የላይኛው ገጽ ብቻ ነው፣ ታሽቶ ይድናል። እርጥብ ሆኖም ካልተመለሰ ቀለም መቀባት ይሻላችኋል፤ ድካማችሁን ቆጥቡ።

አጠባው በጠዋት፣ ጥላ ሥር ይሁን። ድሬ ላይ ከረፋዱ በኋላ ፋይበርግላስ የሚነካ የለም፤ ሳሙናው ሳይታጠብ ይደርቅበታል። ላርጎና ለስላሳ ስፖንጅ ይበቃል። ኦሞና የድስት መፈተጊያ ሽቦ አይድረስባት። ከባሕር ስለመጣች ውስጧንም፣ ቡሎኖቿንም፣ ተጎታቹንም በደንብ በንጹሕ ውሃ እጠቡ፤ ጨው ተደብቆ ይቀመጣል። ስትጨርሱ በጨርቅ አድርቋት። እኛ ሰፈር ሳቢያን የጉድጓዱ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ምን እንደሚተው የሚያውቅ ሰው ጀልባ በራሷ ትድረቅ አይልም።

ለቡናማው እድፍ በረኪና አይረዳም። በረኪና ሻጋታ ይገድላል እንጂ የዝገትና የውሃ እድፍ አያነሳም። የሚያነሳው ኦክሳሊክ አሲድ ነው፤ የጀልባ እድፍ ማስለቀቂያ ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ተጠቀሙ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ በብዙ ውሃ እጠቡት። መርዝ ስለሆነ ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡት። ከበረኪና ጋር ከተገናኘ ደግሞ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ስለዚህ የጓደኛህን በረኪና መጀመሪያውኑ ከግቢው አስወጣው።

ይህን ሁሉ ሐይቁ ዳር እንዳታደርጉት። ያ ሐይቅ አንዴ ደርቆ አይተነዋል፤ በተመለሰ ማግስት አሲድና ኮምፓውንድ (ገጹን እያሸ የሚያበራ ቅባት) አናጠጣው።

ከዚያ ማሸት ነው፣ ሥራው ያለውም እዚህ ላይ ነው። መዳፍ በምታህል ቦታ በለስላሳው ኮምፓውንድ ጀምሩ። ከበራች ሙሉውን በእሱ ጨርሱ፤ ካልበራች ወደ ሸካራው ሂዱ። ብርጭቆ ወረቀት የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ከሆነም በውሃ እያራሳችሁ 1000፣ ቀጥሎ 1500፣ ቀጥሎ 2000 ቁጥር። በደረቁ የሚነሳውን አቧራ አትተንፍሱት። የታሸው ጄልኮት ተመልሶ አያድግም፣ የምታሹት ከዚያች ግማሽ ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ጠርዞቹ ላይ ከሁሉም ይሳሳል፤ እዚያ በእጅ፣ ቀስ ብሎ። ማሽን ካስፈለገ ፍጥነቱ የሚስተካከል የፖሊሽ ማሽን ፈልጉ፤ 1,200 ዙር አካባቢ አድርጋችሁ፣ ከላዩ የሱፍ ፓድ፣ አንድ ቦታ ሳትቆሙ። ለአምስት ሜትር ጀልባ ግን ሦስት ናችሁ፣ የጥጥ ጨርቅና ክንድ ይበቃል።

ብዙ ሰው ዱቄቱን ሳያነሳ ሰም ይቀባበትና ጥቂት ቀን አብርቶ ሲጠፋ ሰሙን ይረግማል። ብርሃኑ ከማሸቱ ነው የሚመጣው፤ ሰም ያንን ይጠብቃል እንጂ አይፈጥረውም። ካርናውባ ያለበትን የጀልባ ሰም ግዙ፤ ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ነው፣ ከ80 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ አይቀልጥም። የጧፍ ሰም ርካሽ ነው ብሎ የሚመክራችሁ አይጠፋም፤ የንብ ሰም 62 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ከዚያም በፊት ይለሰልስና የቆላውን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። አቀባቡ እናቶቻችን ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚያስሱት ነው፣ ስስ አድርጎ። ጭጋግ ሲመስል ጥረጉት፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ድገሙት። በዓመት ሁለቴ፣ ከክረምት በፊትና በኋላ፣ ይበቃችኋል። ገንዘብ ካነሳችሁ ግን ከሰሙ በፊት ሸራ ግዙላት፤ ጥላ የሚያድነውን ያህል ሰም አያድንም።

ሆዷን በተመለከተ፦ ማታ ማታ በተጎታች የምትወጣ ከሆነ እሱንም ሰም ቀቡት። ውሃ ላይ የምታድር ከሆነ ተዉት፤ አልጌ መከላከያውን ቀለም ልትቀቡ ስትሉ ሰም ላይ አይዝም። ሰው የሚረግጠውን ወለልና መወጣጫ ደግሞ በፍጹም ሰም እንዳታስነኩ። የምትጭኑት ቤተሰብ ነው፣ እርጥብ እግር ሰም ላይ አይቆምም።

ጥያቄ፦

ቤቴ ውስጥ የመኪና ፖሊሽ አለኝ፤ ጀልባ ላይ ብጠቀምበትስ?
ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦

ጣሳውን አንብበው። ሲሊኮን ካለበት ተወው። ነገ ጀልባው ተጭሮ ልትደፍነው ወይም ልትቀባው ስትል ቀለሙ የዓሣ ዓይን የመሰሉ ክብ ጉድጓዶች እያወጣ ይሸሻል፣ ሲሊኮኑን አጥቦ መጨረስም ከባድ ነው። ከሌለበት ተጠቀምበት፣ ግን የመኪና ፖሊሽ የተሠራው ለመኪና ቀለም ስለሆነ ጄልኮት ላይ ቶሎ ይለቃል። መለስ መለስ እያልክ መቀባት ይኖርብሃል።