ጨጓራ የማሳነስ ቀዶ ሕክምና ያስከተለው ሕመም የሕመም ፈቃድ ያሰጣል?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ክብደት ለመቀነስ ጨጓራ የማሳነስ ቀዶ ሕክምና አደረግሁ። በሁለተኛው ሳምንት የተሰፋው ቦታ አፍስሶ ትኩሳት ያዘኝና ሆስፒታል ተኛሁ። ይኸው ዘጠኝ ሳምንት ሆነኝ፤ ውኃ እንኳ የምጠጣው በጉንጭ በጉንጭ ነው፤ ደረጃ መውጣት ያቅተኛል። የሁለተኛው ወር ደመወዜ በግማሽ ተቆረጠ። አሁን ደግሞ የሰው ኃይል ኃላፊው ደውሎ «ራስሽ ፈልገሽ ያመጣሽው የውበት ነገር ነው፤ ወይ ሰኞ ግቢ፣ ወይ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፊ» አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዜር ይማርዎት። ሌላውን ሳልናገር አንድ ነገር ልለምንዎት፦ የመልቀቂያ ደብዳቤውን አይጻፉ። ተጽፎ ቢሰጥዎትም አይፈርሙ። ድርጅቱ ካሰናበተዎት፣ ስንብቱ ሕጋዊ መሆኑን ማስረዳት የእሱ ሸክም ነው። ራስዎ ለቀቁ ማለት ግን ያ ሸክም ወደ እርስዎ ዞረ ማለት ነው። ተገድጄ ነው ብሎ ማስረዳት በጣም ከባድ ነው። ታመው፣ ደክመው፣ «ይቅርብኝ» ብለው ፈርመው በኋላ የሚያለቅሱ ሰዎች ቢሮዬ ድረስ መጥተው አይቻለሁ።

«ራስሽ ያመጣሽው ነው» የሚለው ክርክር በሕጉ ውስጥ ቦታ የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ፣ በሥራ ላይ ከሚደርስ ጉዳት ውጭ በሆነ ሕመም መሥራት ካልቻለ የሕመም ፈቃድ እንደሚያገኝ ይደነግጋል። ሕመሙ ከምን መጣ ብሎ አይመረምርም። ደግሞ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ራሱ በሽታ ነው፤ የውበት ጉዳይ ብሎ ማቃለል ትክክል አይደለም። የተሰፋው ቦታ አፍስሶ ሆስፒታል የተኛ ሰው ደግሞ በማንም ሚዛን ታማሚ ነው።

ፈቃዱ በ12 ወር ውስጥ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ቢወሰድ እስከ ስድስት ወር ይደርሳል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት 50 በመቶ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ስለዚህ የሁለተኛው ወር ደመወዝዎ በግማሽ መከፈሉ ቅጣት አይደለም። ከአራተኛው ወር ጀምሮ ምንም እንደማይከፈል አውቀው ከወዲሁ ከቤተሰብ ጋር ይምከሩ።

መብቱ የሚጸናው ግን በወረቀት ነው። ሠራተኛው ሕመሙን በማግስቱ ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት፤ አሠሪው ራሱ ካወቀ ወይም ማሳወቅ ፈጽሞ የማይቻል ከሆነ ግን ይህ ግዴታ የለበትም። የሐኪም ማስረጃም ያስፈልጋል። ለአለቃዎ በቴሌግራም የላኩት መልእክት ካለ አያጥፉት። ሐኪሙ ያዘዘልዎት ዕረፍት ሳያልቅ አዲሱን ወረቀት ይውሰዱ፤ በመካከል የተከፈተ ቀን «ያለ ምክንያት ቀረች» ለማለት በር ይከፍታል።

ቢያሰናብቱዎትስ? ወደ ሥራ ልመለስ ብለው የሚከሱ ከሆነ ጊዜው ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ብቻ ነው። ሌሎች ክፍያዎችን ለመጠየቅ ስድስት ወር አለዎት። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ ገንዘብ የለኝም ብለው አይቅሩ። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከሆነና ወደ ሥራ ካልተመለሱ፣ ያለ ጊዜ ገደብ ለተቀጠረ ሠራተኛ የ180 ቀን አማካይ ደመወዝ ካሳ ይወሰናል።

ሆስፒታሉን መክሰስ ይቻል እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ግን ሐሳቡ እንደሚመጣብዎት እገምታለሁ። መፍሰስ በጥንቃቄ በተሠራ ቀዶ ሕክምናም የሚታወቅ ችግር ነው። መድረሱ ብቻ ጥፋት አያሳይም፤ ለቀዶ ሕክምናው ፈቅደው መፈረምዎም ሐኪሙን ከቸልተኝነት ነጻ አያወጣውም። ትኩሳቱ ሲጀምር ሄደው ሳይመረመሩ ተመልሰው ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ለማንኛውም የሕክምና መዝገብዎን ቅጂ አሁኑኑ ይጠይቁ። ከውል ውጭ ኃላፊነት ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት የሁለት ዓመት ገደብ አለው።

ለሰኞ ራስዎ መሄድ የለብዎትም። አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፦ የሕመም ፈቃድ ላይ መሆንዎን፣ ሐኪሙ እስከ መቼ ዕረፍት እንዳዘዘ፣ ሥራዎን እንዳልለቀቁ። የሐኪሙን ወረቀት አያይዘው በወንድም ወይም በእህት ይላኩ፤ ቅጂው ላይ የተቀበለው ሰው ፊርማና ቀን ያስፍር።