የአንባቢያን ጥያቄ፦ የውቅያኖስ ስንቅ ከደሴ

ጥያቄ፦ ልጄ በሸራ ጀልባ ሥራ አግኝቶ፣ አራት ሆነው ከላስ ፓልማስ ተነሥተው አትላንቲክን ሊሻገሩ ነው። መድረሻቸው ሴንት ሉሲያ የምትባል የካሪቢያን ደሴት ናት አለኝ። «እማዬ፣ ስንቅ ላኪልኝ» ስላለ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቋንጣና ንጥር ቅቤ አስቤያለሁ። ምን ያህል ልላክ? እንዴትስ ልቋጥረው? (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ቋንጣውንና ቅቤውን ይተዉት። ላስ ፓልማስ የስፔን ከተማ ናት፤ ከእኛ አገር በሻንጣ የሚገባ ሥጋና የወተት ውጤት አየር ማረፊያው ላይ ይወረሳል። ቅቤውን እዚያው ገዝቶ ያንጥር፤ እርስዎ ኮረሪማውንና ኮሰረቱን ይላኩለት።

መንገዱ 2,700 ኖቲካል (የባሕር) ማይል ገደማ፣ ማለትም 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቀን 130 ቢሄዱ 21 ቀን ይፈጃል። ነፋስ ሲጠፋ ስለሚረዝም ግን ስንቅ ለ30 ቀን ይያዛል። ሽሮ ለአራት ሰው በአንድ ማዕድ 250 ግራም ነው፤ በሁለት ቀን አንዴ ቢሠራ 4 ኪሎ ይበቃል። (ሦስቱ ባልደረቦቹ በየቀኑ ሽሮ ይበላሉ ብለን አንገምትም።) ሽሮው ያለ ጨው ይፈጭ። በጀልባ ላይ ንጹሕ ውሃ ለመቆጠብ ሦስት እጅ ንጹሕ ከአንድ እጅ የባሕር ውሃ ጋር ደባልቀው ያበስላሉ፤ የውቅያኖስ ውሃ ደግሞ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው።

ድርቆሹን የሚያበላሸው እርጥበት ነው። ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ገና ነው፤ መልሰው ያስጡት። ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ በድርብ ፌስታል፣ አየሩን አስወጥተው ይቋጥሩ። ሁሉም በአንድ ከረጢት ከሆነ በተከፈተ ቁጥር እርጥቡ አየር እየገባ ጠቅላላው ይሻግታል። ካርቶን አይጠቀሙ፤ በእጥፋቱ ውስጥ የበረሮ እንቁላል ይገባል።

ከሁሉ የሚጠቅመው በሶ ነው። ማዕበል ሲበረታ ምድጃ አይለኮስም፤ በሶ ደግሞ እሳት አይፈልግም። ባነጠረው ቅቤ ጭቆ አድርጎ ቢይዘው በአንድ እጁ ጀልባዋን ጨብጦ በሌላው ይጎርሳል።

ለልጅዎ ይህን ምክር ይንገሩልን፦ ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ባሕር ላይ በ100 ነው። ክኩ ከለመደው ሰዓት ቀድሞ ይበስላል። ድስቱን ከግማሽ በላይ አይሙላ፤ ጀልባ ሲናጥ የሚገነፍል ሽሮ ጭን ላይ ነው የሚያርፈው። የጀልባ ምድጃ ተንጠልጥሎ ስለሚወዛወዝ ድስቱን በመያዣው ማሰር አይርሳ። እርሾና ጀበና አይላኩ። እርሾው ክዳኑን ገፍቶ ይፈሳል፣ ሊጡም ዘንበል ባለ ምጣድ ላይ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፤ ቡናው በፔርሙስ ይያዝ።

ጥያቄ፦ ሌሊት ጀልባዋን አቁመው ያድራሉ ወይ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አያቆሙም። ጥልቀቱ በኪሎ ሜትር ስለሚቆጠር መልሕቅ አይደርስም። አራት ከሆኑ እያንዳንዱ 3 ሰዓት ይጠብቃል፣ 9 ሰዓት ያርፋል። መሪውን አውቶፓይለት የሚባለው በራሱ የሚሠራ መሣሪያ ይይዛል፤ ተረኛው ግን በየ10 ደቂቃው ዙሪያውን ይቃኛል። 7 ማይል ርቆ የታየ ትልቅ መርከብ በ20 ኖት (በሰዓት 20 የባሕር ማይል) ቢመጣ በ21 ደቂቃ ይደርስባቸዋል። ተረኛው መታጠቂያውን ከጀልባዋ ጋር ሳያያይዝ ደጅ አይወጣም፣ ሽንት ለመሽናትም ቢሆን።