ጥያቄና መልስ፦ ከዋይትቦርድ አፖች የቱን ልያዝ?

ካርድና ቀስት እየዘረጉ ማስታወሻ ስለሚያዝባቸው አፖች የምትጽፉልኝ በዝታችኋል። ከሐዋሳም ከአዳማም የመጣውን ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሚሮ የሚባለውን የሰሌዳ አፕ ወዶታል። አራተኛ ሰሌዳ ሊከፍት ሲል ግን «ክፈል» አለው። መላ አለው ወይ?

አለው። ነፃው ሚሮ የሚፈቅደው ማረም የሚቻል 3 ሰሌዳ ብቻ ነው። ግን አንዱ ሰሌዳ ራሱ ሜዳ ነው። ኮርሶችህን በሙሉ አንዱ ላይ ዘርግተህ በፍሬም (ሰሌዳው ላይ በሚዘረጋ ሳጥን) ከፋፍላቸው። ለቡድን ሥራ ሚሮን እወደዋለሁ። ለብቻህ ከሆነ ግን ዳታህን ለምን ታስበላዋለህ?

አዳማ ያለች አንባቢ፦ አይፓዴ ላይ ፍሪፎርም የሚባለው የአፕል የሰሌዳ አፕ አለ፤ ባለቤቴ ደግሞ ሳምሰንግ ነው የያዘው። እሱም ያውርደው?

ፍሪፎርም ለአንድሮይድ አልተሠራም። ሌላ ፈልጉ።

ታቦር አካባቢ የሚኖሩ መምህር ረጅም ደብዳቤ ልከዋል። ባጭሩ፦ የትምህርት ዝግጅታቸውን ጃምቦርድ በሚባለው የጉግል የሰሌዳ አፕ ይሠሩ ነበር፤ ጉግል ዘጋው። አሁን ኤክስካሊድሮውና ኦብሲዲያን በሚባሉ ሁለት አፖች መካከል ቆመዋል። «ደግሜ እንዳልሸወድ» ይላሉ።

መምህር፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል። ጉግል ጃምቦርድን እንደሚዘጋ ያሳወቀው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2023 ነው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ማየት እንጂ መጻፍ ቀረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጭራሽ ተዘጋ። ባለ 55 ኢንች ስክሪን ሠርቶ የሸጠለት አፕ ነው እንግዲህ! የድሮው ሥራ በፒዲኤፍ ተረፈ። ፒዲኤፍ ይነበባል፤ ካርዱን አንስቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ግን አይታሰብም።

ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የማየው መውጫውን ነው። ሥራዬ የሚቀመጠው የት ነው? ኩባንያው ነገ ቢጠፋ በምን እከፍተዋለሁ?

እዚህ ላይ ኦብሲዲያን ይበልጣል። ጽሑፉ ተራ የጽሑፍ ፋይል ሆኖ እርስዎው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ካንቫስ የሚሉት የሰሌዳው ፋይል አሠራርም በ2024 ለሁሉም ክፍት ስለተደረገ፣ የፈለገ አፕ ሊያነበው ይችላል። ኔትወርክ ሲጠፋም ይሠራል። ይህ እኛ ጋ ትንሽ ነገር አይደለም። ስልክ ላይ ግን ሰሌዳው ይጠባል፤ ለመልመድም ትዕግሥት ይፈልጋል።

ኤክስካሊድሮው ቀለል ይላል። አካውንት እንኳ አይጠይቅም፤ ብራውዘር ከፍቶ መሳል ነው። ነፃው ግን ሥራዎን የሚያስቀምጠው እዚያው ብራውዘር ውስጥ ነው። አንድ ቀና ልጅ ላፕቶፕዎን ተውሶ ብራውዘሩን «ካጸዳልዎ» የሴሚስተሩ ዝግጅት አብሮ ይጸዳል። በጨረሱ ቁጥር ፋይሉን ወደ ፍላሽ ያውርዱ።

ለክፍል ውስጥ ሥዕል ኤክስካሊድሮው፣ ከዓመት ዓመት ለሚቆይ ዝግጅት ኦብሲዲያን እላለሁ። ከመወሰንዎ በፊት ግን ሁለቱም ላይ ትንሽ ሰሌዳ ይሞክሩ። አማርኛ ይጻፉበት፣ ቀስት ያስገቡ፣ የመጽሐፍ ገጽ ፎቶ ይለጥፉ። ዳታ ዘግተው ይክፈቱት። ከዚያ ፋይሉን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይክፈቱ። የጎደለ ነገር ካለ ያኔውኑ ይታያል።

«ፀሐይ» ብዬ የጻፍኩትን ስፈልግ አፑ የለም ይለኛል።

ሲፈልጉ «ጸሀይ» ብለው ይሆናል። ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል ነው። አንዱን አጻጻፍ ይምረጡና አይልቀቁት።

ቀኑን ሙሉ ታብሌት ላይ በስታይለስ (በስክሪን ብዕር) የምትጽፍ እህት፦ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ይደነዝዛሉ፤ ሌሊትም ያነቃኛል። ቀለል ያለ አፕ አለ?

አፑን ተይው፣ እህቴ። ሐኪም ጋ ሂጂ። በዚህ ሳምንት። ሌሊት የሚቀሰቅስ መደንዘዝ የእጅ አንጓ ላይ ነርቭ ተጨቁኖ ሊሆን ይችላል፤ ሲቆይ ጣትን ያደክማል። እኔ የምጽፈው ስለ አፕ ነው፤ እጅሽን ማየት አልችልም። እስከዚያው ስታይለሱን አሳርፊው። ከሐኪም ስትመለሺ ስለ አፑ እናወራለን።

የአፖቹን የዶላር ክፍያ በየትኛው የባንክ ካርድ ልክፈል?

ባንክዎን ይጠይቁ። ደግሞ ነፃውን ሳይጨርሱ ምን አስቸኮለዎት?