ኬማፕ አቶሚክን በኬማፕ ሎካል መተካት ይበቃል ወይ ለተባለው ጥያቄ

ሰላም ወንድሜ፣ የቆየውን የዲስክ ድራይቨር (ከርነሉን ከዲስኩ ጋር የሚያገናኘውን ኮድ) ወደ አዲሱ የሊኑክስ ከርነል ለማሻገር «ኬማፕ አቶሚክ» ባለበት ሁሉ «ኬማፕ ሎካል ፔጅ» ብሎ መተካት ብቻ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀሃል። ሁለቱም ከርነሉ (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) አንድን ገጽ፣ ማለትም አንድ የሜሞሪ ቁራጭ፣ አድራሻ ሰጥቶ እንዲከፍት የሚያደርጉ ጥሪዎች ናቸው። አይበቃም። እዚሁ አዳማ በአንድ መሥሪያ ቤት ተመሳሳይ ሥራ ሠርቻለሁ፤ የተረከብሁትም ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ስሙን በስም እየተካ ጥሎት የሄደውን ኮድ ነበር።

1. ድራይቨርህ ከባዮው (ለዲስኩ ከሚቀርበው የማንበብ ወይም የመጻፍ ጥያቄ) ቁራጭ፣ ማለትም ከቢቬክ፣ ወደ ራሱ ቋት ወይም ከቋቱ ወደ ቁራጩ ከመቅዳት ያለፈ ሥራ ከሌለው ገጹን ራስህ አትክፈት፣ ራስህም አትዝጋ። «ሜምኮፒ ፍሮም ቢቬክ» እና «ሜምኮፒ ቱ ቢቬክ» መክፈቱን፣ መቅዳቱንና መዝጋቱን በአንድ ጥሪ ይጨርሱልሃል። ቁራጩ ከአንድ ገጽ እንዳያልፍ ብቻ ተጠንቀቅ።

2. ኬማፕ አቶሚክ ገጽ ከመክፈቱ በተጨማሪ ፔጅ ፎልትን (የተነካው ገጽ በሜሞሪ ሳይገኝ ሲቀር የሚነሣውን መቋረጥ) እና ፕሪኤምፕሽንን (ሥራውን አቋርጦ ሌላ ማስገባትን) ያግዳል፤ በ2021 ከከርነል 5.11 ጋር የመጣው ኬማፕ ሎካል ግን ይህን አያደርግም። በዚያ እገዳ ተማምኖ የተጻፈ መስመር ካገኘህ እገዳውን በግልጽ ጻፈው።

3. የከፈትኸውን በተቃራኒው ቅደም ተከተል ዝጋ። እኛን ያቃጠለን ይህ ነው። ያ ባለሙያ መጀመሪያ የምንጩን ገጽ፣ ቀጥሎ የመድረሻውን ከፍቶ ከቀዳ በኋላ፣ ምንጩን ዘግቶ መድረሻው ላይ ቼክሰም (ውሂቡ እንዳልተበላሸ ማረጋገጫ ቁጥር) መጻፉን ይቀጥላል። ከርነሉ ግን ክፍት ገጾችን እንደተደራረበ ሳህን ስለሚይዛቸው የሚያነሣው ከላይ ያለውን፣ ማለትም የመድረሻውን ነው፤ ቼክሰሙም በተዘጋ ገጽ ላይ ይጻፋል። ኮምፓይለሩ ትንፍሽ አይልም። ባለ 64 ቢት ማሽን ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ገጽ በከርነሉ ዘንድ ቋሚ አድራሻ ስላለው የመዝጊያው ጥሪ በተግባር የሚያነሣው ነገር የለም፤ ስለዚህ ሙከራው ሁሉ ያልፋል። ባለ 32 ቢቱ ላይም ቢሆን የሚሰበረው ሁለቱም ገጾች ቋሚ አድራሻ ካለው ከታችኛው የሜሞሪ ክፍል፣ በኢንቴል ማሽኖች ከ896 ሜጋባይት ገደማ በላይ ሲያርፉ ብቻ ነው። ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት በኋላ የሚወድቀውም ለዚህ ነው።

ይህን ለኃላፊው ሳስረዳ «ሰርቨራችን ላይ ሠርቷል፤ አንተ ምን ትፈልጋለህ?» ተባልሁ። ባለ 32 ቢቱ ማሽን ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ በበሩ መስኮት በኩል ይታየኛል፤ ንብረት ክፍሉ ግን ሞዴል 22 (የዕቃ ማውጫ ቅጽ) ካልተቆረጠ አይወጣም አለ፣ ሞዴሉን የሚፈርመው ደግሞ ያው ኃላፊ ነው። ለመንግሥት ዕቃ መጠንቀቅ ተገቢ ቢሆንም፣ የሙከራ ማሽን ከሙከራ መከልከል ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ያወጣኝ የከርነሉ የራሱ መላ ነው። በማዋቀሪያው ዝርዝር ውስጥ «ዲበግ ኬማፕ ሎካል ፎርስ ማፕ» የሚባለውን አማራጭ ካበራህ፣ ባለ 64 ቢት የኢንቴል ማሽንም ገጾቹን በእርግጥ እንዲከፍትና እንዲዘጋ ይገደዳል። እንደጫንሁት ማስጠንቀቂያው ከነመስመር ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ አትሜ ለኃላፊው ጠረጴዛው ላይ አኖርሁለት። ሞዴሉ በማግሥቱ ተፈረመ። የሚቀዳውን ፋንክሽንም ከአንድ ገጽ ጽሑፍ ወደ ጥቂት መስመሮች አሳጥሬዋለሁ፤ ዛሬም የሚሠራው እሱ ነው።

አንተም ይህን አማራጭ አብርተህ ጀምር። ለውጡንም በአንድ ፓች (የኮድ ለውጥ ጥቅል) አንድ ፋንክሽን ብቻ አድርገህ ከፋፍለው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላውን ሳትነካ ትመልሰዋለህ።